የማርሚታ ጠባሳ

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ ማታ የመጨረሻው ልጄ የግቢያችንን በር በክርኑ ገፋ አድርጎ ከፈተና ያገለገለ ቦክሰር ሞተር ሳይክል እየገፋ ገባ። "እማዬ፣ እንኳን ደስ አለህ በዪኝ እንጂ!" አለኝ። እኔ ግን አላልኩትም። ዓይኔ ቀጥታ የሄደው ወደ ማርሚታው ነበር። ከእግር በኩል የሚሸፍነው ላሜራ ተፈትቶ የለም። የቡሎኖቹ ቀዳዳዎች ብቻ ቀርተዋል።

ልጄ ተመርቆ ከወጣ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ማመልከቻ ያላስገባበት መሥሪያ ቤት የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በመጨረሻ የእቁብ ገንዘቡን፣ እህቱ የጨመረችለትን፣ ከእኔም ጡረታ ላይ "ለአንድ ጉዳይ ነው" ብሎ የወሰደውን አጠራቅሞ ሞተሩን ገዛ። ከመናኸሪያ ዕቃ ተቀብሎ ለየሱቁ ማድረስ ሊጀምር ነው። እንጀራው ነውና ምን እላለሁ? ነገር ግን "በእኔ ቤት ሞተር አይገባም" ማለቴን ልጆቼ ሁሉ ያውቁታል። ነርስ ነበርኩ። ከሞተር የወደቁ ወጣቶችን ሱሪ በመቀስ እየቀደድኩ ያነጋኋቸው ሌሊቶች ብዙ ናቸው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ግን እሱ አልነበረም። እንቅልፍ የነሳኝ ያ ባዶ ማርሚታ ነው። ለሠላሳ ዓመታት ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ። መጀመሪያ ለልጄ ነገርኩት፤ ዛሬ ደግሞ ለእናንተ ልንገራችሁ።

በነርስነት በዲፕሎማ ተመርቄ ሥራ ስጀምር ወጣት ነበርኩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሲዳማ ገጠር ወደሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ ተዛወርኩና የክትባት ሥራ ተሰጠኝ። ከሥራው ጋር ያማሃ ኤጂ 100 ሞተር አብሮ ተሰጠኝ። ይህ ሞተር ለእርሻና ለገጠር መንገድ ተብሎ የተሠራ ነው። ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ አለው፤ ሰንሰለቱ አቧራ እንዳይበላው ሙሉ በሙሉ በሽፋን ውስጥ ነው፤ በግራም በቀኝም መቆሚያ እግር አለው። በዚያን ጊዜ ሴት ልጅ ሞተር ስትነዳ ማየት ብርቅ ስለነበር ሕፃናት እስከ ቀበሌው ድንበር ድረስ እየሮጡ ይሸኙኝ ነበር።

ስለ ሞተር ያስተማሩኝ የጤና ጣቢያው ጥበቃ ናቸው። በወጣትነታቸው ጋራዥ ሠርተዋል። እኔ "ጋሼ" እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ደግሞ "ልጄ" ይሉኛል። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን የሚሉትን ከጣሊያን የወረስናቸውን ቃላት ሁሉ የተማርኩት ከእሳቸው ነው። መለዋወጫ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ወራት ስለሚፈጅ ጋሼ የሌለንን ካለን ይሠሩ ነበር። "ልጄ፣ ብረት አይሞትም፤ ሥራ ይቀይራል እንጂ" ይሉኝ ነበር።

ከዚያ ዘመን አንዳንዱን ላካፍላችሁ፤ ዛሬም ይሠራልና።

የመጀመሪያው የክትባት ሣጥኔ ትራስ ነው። የክትባት ዕቃ መያዣው በአራት የበረዶ ጥቅሎች የሚቀዘቅዝ ሣጥን ነው። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት። ሰው ሙቀት ብቻ ክትባት የሚያበላሽ ይመስለዋል። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ግን በረዶ ከሆነም ያልቅለታል። ስለዚህ የበረዶውን ጥቅል ከማቀዝቀዣ አውጥተን፣ ስንነቀንቀው ውስጡ ውኃ ሲንቀሳቀስ እስክንሰማ ጠብቀን ነበር ሣጥኑ ውስጥ የምናስገባው። ከዚያ በኋላ ያለው ጠላት የመንገዱ ንረት ነው። ጠርሙሶቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ። ጋሼ ያረጀ ከመነዳሪ በረጅሙ ቆርጠው እንደ አልጋ ጠፍር ጠለፉና በመጫኛው ላይ ወጠሩት። በላዩ ስፖንጅ አደረግን። ሣጥኑን ደግሞ በዚያው በከመነዳሪ ጠፍር አሰርነው። ገመድ በንረት ይላላል፤ ከመነዳሪ ግን ተለጥጦ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ የተሰበረ ጠርሙስ አላስታውስም።

ሁለተኛው ለአቧራ ነው። በቦርቻ በኩል በበጋ አቧራው እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። በአየር ማጣሪያው መግቢያ ላይ ስስ ስፖንጅ የሞተር ዘይት አስነክተን፣ ጭምቅ አድርገን እንጨምር ነበር። ዘይቱ አቧራውን ይይዘዋል። በየሦስት ቀኑ በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ እንደገና ዘይት ይነካል። ወደ ሀገረ ሰላም ደጋ ስንሄድ ደግሞ ብርዱ እጅ ያደነዝዛል። ቢጫ ጀሪካን ለሁለት ሰንጥቀን በመሪው ጫፎች ላይ አሰርን። ንፋሱ እጅ ላይ መድረሱ ቀረ።

ሦስተኛው መሣሪያ ነው። ጎማ ማውለቂያዎቼን አንጥረኛ ከአሮጌ የመኪና ባሊስትራ ቀጥቅጦ ሠራልኝ። ጫፋቸውን እኔ ራሴ ከመነዳሪ እንዳይቀዱ በሞረድ አለሰለስኩ። እስከ ዛሬ አሉኝ። የካንዴላን ክፍተት ለመለካት የሴጌቶ ምላጭ እንጠቀም ነበር። የተለመደው ምላጭ ውፍረቱ 0.6 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ የብዙ ትንንሽ ሞተሮች ካንዴላ የሚፈልገው ክፍተትም ከ0.6 እስከ 0.7 ነው። የፍሪሲዮን ገመድ ሲከብድ፣ የገመዱ የላይኛው ጫፍ ላይ ትንሽ ላስቲክ እንደ ቀንድ ጠቅልለን አስረን፣ በሲሪንጅ ዘይት ጨምረን እናሳድረዋለን። ጠዋት ገመዱ እንደ አዲስ ይሄዳል።

ሁሉም ብልሃት ግን ብልሃት አይደለም። አንድ ጊዜ የቤንዚን ቱቦው ተሰነጠቀና እኔ የግሉኮስ ቱቦ ቆርጬ ተካሁበት። ውስጡ ስለሚታይ ቤንዚኑ ሲወርድ ማየት ያስደስት ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቱቦው ቢጫ ሆነ፤ ቆየና እንደ ደረቅ እንጨት ገገረ። ጋሼ አንድ ቀን ጠዋት "ቤንዚን ይሸተኛል" ብለው ጎንበስ ሲሉ ቱቦው ተሰንጥቆ በሞተሩ ላይ ይንጠባጠባል። ያን ቀን ያለ እሳቸው አፍንጫ ሞተሩም እኔም በተቃጠልን ነበር። ቤንዚን የግሉኮስ ቱቦን ልስላሴ አሟሙቶ ያወጣዋል። ለቤንዚን ለቤንዚን የተሠራ ቱቦ ብቻ!

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ።

1986 ዓ.ም. ነው። የማርሚታው መከለያ አንድ ቡሎኑ ወድቆበት በየመንገዱ ይንጫጫ ነበር። ጋሼ ለእረፍት ወደ ቤተሰባቸው ሄደዋል። ጩኸቱ ሲያሰለቸኝ መከለያውን ፈታሁና ዕቃ ቤት ወረወርኩት። "በኋላ አስገጥመዋለሁ" አልኩ። እኔ ቦት ጫማ ስለማደርግ ማርሚታው አይነካኝም። ሳምንት ሆነ፤ ወር ሆነ። ረሳሁት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ክትባት ጨርሼ ስመለስ ሰዎች መንገድ ላይ አስቆሙኝ። አንዲት ወጣት ከሌሊት ጀምሮ ምጥ ላይ ናት፤ የመጀመሪያዋ ነው። ዛሬ እንዳለው የወረዳ አምቡላንስ የለም፤ ስልክ የለም። በቃሬዛ እናምጣት ቢሉ መሸ። መረመርኳት፤ ጊዜ ነበረን። ሣጥኑን አውርጄ ከኋላዬ አስቀመጥኳት፤ በነጠላ ከወገቤ ጋር አሰሯት። ከዘጠኝ ኪሎ ሜትር የማያንስ መንገድ ቀስ ብዬ ነዳሁ። ምጡ ሲመጣ ትከሻዬን ጭምድድ ታደርገዋለች፤ እኔም እቆማለሁ፤ ሲለቃት እንሄዳለን። አንዲት ቃል አልተናገረችም።

ከእኩለ ሌሊት በፊት ሴት ልጅ ወለደች። እናትም ልጅም ደህና። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሳጥባት ግን የቀኝ እግሯን ባት አየሁት። የመዳፍ ያህል ቆዳ ተገሽልጦ፣ ጨርቅ ተጣብቆበታል። ማርሚታው ነው። "ምነው ሳትነግሪኝ?" አልኳት። "ሲስተርን እንዳላስቸግር ብዬ ነው" አለች።

ቁስሉን አጥቤ አሰርኩላት። በየሁለት ቀኑ ተመለሺ አልኳት፤ አራስ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር በእግሯ እንዴት ትመጣለች? ቁስሉ አመረቀዘ። እኔ ለክትባት ስወጣ እየጎራ አልኩ አጠብኩላት፤ ለመዳን ሁለት ወር ፈጀ። መዝገቡ ላይ "ቃጠሎ" ብዬ ጻፍኩ። ምክንያቱን አልጻፍኩም። ጋሼ ሲመለሱ መከለያውን ከዘይት ቆርቆሮ አዲስ አድርገን ሠራን፤ ለምን እንደቸኮልኩ ግን ለእሳቸውም አልነገርኳቸውም። ለእሷም አልነገርኳትም። ሰዉ ሁሉ "ሲስተር አተረፈቻት" ሲለኝ ዝም አልኩ። ከዚያ ተዛወርኩ። ዓመታት አለፉ።

ልጄ ይህን ሲሰማ ብዙ ቆየና "እና ምን ይሻላል?" አለኝ። "ሞተሩን አልከለክልህም። አንድ ሳምንት ስጠኝ፤ እኔ ያልኩትን ሠርተን ከዚያ ትነዳለህ" አልኩት። ተስማማን።

እሱም የራሱ ዝርዝር ነበረው። ማርሚታውን ቆርጦ ድምፁን ማጉላት፣ ዓይን የሚያጠፋ መብራት መትከል፣ መስታወቶቹን ፈትቶ መሪውን ማሳጠር። ጓደኞቹ እንዲህ አድርገዋል። "ልጄ፣ ከኋላህ የሚመጣውን ሲኖትራክ በምን ልታየው ነው?" አልኩት። መስታወቱ ቀረለት። መብራቱ ላይ ሦስት ቀን ተከራከርን፤ መብራቱ የፊቱን ሹፌር ካሳወረው ሹፌሩ የሚመጣው ወደ አንተ ነው ስለው ተወው።

ከዚያ ሥራ ጀመርን። የማርሚታውን መከለያ ከላሜራ ቁራጭ ቆረጥነው። ዋናው ምስጢር ላሜራው ማርሚታውን አለመንካቱ ነው። ከነካው እሱ ራሱ ይግላል። በሁለቱ መካከል ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት እንዲኖር ሮንዴላ ደራርበን አነሳነው፤ አየሩ በመካከል እያለፈ ያቀዘቅዘዋል። ጠርዙን ወደ ውስጥ አጠፍነው፤ ስለት ሆኖ ሌላ ቁስል እንዳያመጣ። በቱቦ ማሰሪያ ቀለበት አጠበቅነው። ዳዶው በንረት እንዳይፈታ ደግሞ ሁለት ዳዶ በአንድ ቡሎን ላይ አድርገን እርስ በርስ አጠባበቅን። ያኔ ይህን ሠርቼ ቢሆን ኖሮ መከለያው ባልተንጫጫ፣ እኔም ባልፈታሁት።

ቀጥሎ የኋላው ጎማ። ነጠላና ረጅም ቀሚስ ሞተር ላይ ምን እንደሚያደርግ ያላየች ነርስ የለችም። የሕፃን ተረከዝም ሽቦዎቹ መካከል ይገባል። ህንዶች በሳሪያቸው ምክንያት ይህን በደንብ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የሞተር ተሽከርካሪ ደንባቸው ማንኛውም ሞተር ሳይክል የኋላ ጎማውን ቢያንስ ግማሹን የሚሸፍን፣ ልብስ እንዳይጠመጠም የሚከላከል መከለያ እንዲኖረው ያስገድዳል። እዚህ ግን ብዙ ወጣቶች አያምርም ብለው ይፈቱታል። እኛ የተቃጠለ ቬንትሌተር ነበረን። የፊት ወንፊቱን ለሁለት ቆርጠን፣ ጠርዙን በከመነዳሪ ሸፍነን፣ በግራ በኩል አሰርነው። ልጄ መጀመሪያ አፈረበት። ጥቁር ቀለም ስቀባው ግን "ይሄማ ከፋብሪካ የመጣ ይመስላል" አለ።

ለፊቱ ፓራፋንጎ ከአሮጌ ጎማ ጭቃ መከላከያ ጨመርን። የሃይላንድ ጠርሙስ አንገቱን ቆርጠን የዘይት ማንቆርቆሪያ አደረግን። ሰንሰለቱን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በላምባ አጽድተን ዘይት ቀባን፤ ሲነኩት ከሁለት እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር እንዲላወስ አስተካከልን። ብየዳና ቀለምን ጨምሮ ያወጣነው ከ1,200 ብር አልበለጠም። በአገራችን ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ከጎማ በረባሶ የሠራ ሕዝብ ነን። መርካቶ ምናለሽ ተራን ያየ ሰው የተጣለ ብረት ምን ሊሆን እንደሚችል ያውቃል።

ቤት ውስጥ የማይሠሩትን ግን ለይቼ ነገርኩት። ፍሬን በብልሃት አይጠገንም፤ ሸራው ካለቀ ይቀየራል። የተሰነጠቀ ቻሲስና መሪ በግቢ ብየዳ አይታመንም። ሄልሜት ደግሞ ምትክ የለውም። ከብዙ አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል። አገጭ ላይ ካልታሰረ ግን ባርኔጣ ነው። ከኋላ የሚቀመጠውም ሰው ጭንቅላት አለውና ሁለተኛ ሄልሜት እኔ ገዛሁለት።

ማርሚታ ያቃጠለው ሰው ከገጠማችሁ ደግሞ ቶሎ ብላችሁ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ ለ20 ደቂቃ አቀዝቅዙለት። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል አትቀቡ። ውኃ የያዘ እብጠት ካለ አታፈንዱት። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ሳምንቱ ሲያልቅ ልጄ "መጀመሪያ ማንን ልጫን?" አለኝ። "እኔን" አልኩት። ወዴት እንደምንሄድ ገብቶታል።

በእሑድ ማለዳ ሄልሜት አድርጌ፣ ነጠላዬን ጃኬቴ ውስጥ ከትቼ ከኋላው ተቀመጥኩ። ከአንድ ሰዓት በላይ ተጓዝን። መንገዱ ተለውጧል፤ ጤና ጣቢያው ፎቅ ሆኗል። ቤቷን ግን ሳልቸገር አገኘሁት። ፀጉሯ ሸብቷል። እንዳየችኝ "ሲስተር!" ብላ ጮኸች። ያኔ የወለደቻት ልጅ ሦስት ልጆች አሏት። ቡርሳሜ በቅቤ ቀረበ፤ ወተት መጣ፤ ቡና ተፈላ።

ቡናው ሁለተኛው ሳይደርስ ነገርኳት። መከለያውን የፈታሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ዕቃ ቤት ወርውሬ እንደረሳሁት፣ መዝገቡ ላይ እንዳልጻፍኩት። አማርኛዬ ሲያጥርባት በሲዳምኛ ደገምኩት።

ዝም አለች። ከዚያ ቀሚሷን ትንሽ ከፍ አድርጋ ጠባሳውን አየችው። "እኔ እግሬን ያለቦታው ያስቀመጥኩ ነበር የመሰለኝ" አለች። "አማቴም እንደዚያ አለችኝ፤ ጥንቃቄ የሌላት ብላ። ለልጆቼም ሞተር ላይ ስትወጡ እንደ እናታችሁ አትሁኑ እያልኩ ነው ያሳደግኳቸው።"

የምመልሰው ቃል አልነበረኝም። ሠላሳ ዓመት የተሸከምኩት የራሴን ጥፋት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካስ እሷም ያላጠፋችውን ተሸክማልኝ ኖራለች። ለመናገር ያፈርኩባት አንዲት ዓረፍተ ነገር ከአማቷ ፊት ነጻ ታወጣት ነበር።

ይቅርታ አድርጌልሻለሁ አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ቡናችንን ጠጥተን ስንወጣ ወደ ሞተሩ ሄደች። ጎንበስ ብላ መዳፏን በላሜራው ላይ ልትጭን ስትል ልጄ "እማማ፣ ቆይ ይሞቃል!" አላት። እሷ ግን ጫነችው፤ ቆየችበት።

"ይሞቃል እንጂ አይፈጅም" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "የልጄ ባል ሞተር አለው። ልጆቹን በሙሉ እሱ ላይ ነው የሚጭናቸው። ለእሱም አንድ ይሥሩለት።"

ትናንት ላሜራውን ቆርጬ ጨርሻለሁ። ጠርዙን ማጠፍ ይቀረኛል።